አሥራ አራት ቀን የተሰጠው ረቂቅ ደንብ፦ እንመልስ ወይስ እንተወው? (አንድ ጥያቄ፣ 23 መልስ)

የመነሻ ጽሑፍ

ቅዳሜና እሁድ በአንድ የውሾችና የድመቶች መጠለያ በፈቃደኝነት አገለግላለሁ። ሥራዬ ማደሪያ ማጠብ ነው፤ ጽሑፍ የምችል መስዬ ስለታየሁ ቅጽ መሙላቱም እኔ ላይ ወድቋል። ባለፈው ሳምንት አንድ የእንስሳት ደኅንነት ረቂቅ ደንብ ደረሰን። ባለቤት የሌላቸውን እንስሳት የሚያነሳ፣ የሚያሳክምና ለአዲስ አሳዳጊ የሚሰጥ ሁሉ ፈቃድ እንዲያወጣ ያዛል። አርባ አንድ ገጽ ነው። ባለድርሻ አካላት አስተያየት እንዲሰጡበት አሥራ አራት ቀን ተፈቅዷል፤ እኛ እጅ ሲገባ አምስቱ አልፈዋል።

አነበብኩት። ይህን የጻፈ ሰው አንድም ቀን ማደሪያ አላጠበም የሚል እምነት አደረብኝ። የማደሪያውን ወርድና ቁመት በሴንቲ ሜትር ይደነግጋል፤ ማን እንደሚያጥበው ግን ትንፍሽ አይልም። መግቢያው ላይ በ1979 ለመጠለያ እንስሳት የወጡትን አምስቱን ነጻነቶች ደርድሯል፤ ከዚያ ወዲያ አንዳቸውንም ዞሮ አያያቸውም። ከእኛ መካከል ገሚሱ መልስ መስጠት ረቂቁን ማጀብ ነው ባይ ነው። እናንተስ? እንመልስ ወይስ እንተወው? ከመለስንስ ምን እንበል?

(ማሳሰቢያ፦ የውይይቱ ክር ስለረዘመ አዲስ ለሚመጣ ሰው ስል መልሶቹን እዚሁ ሥር በራሴ አነጋገር ሰብስቤያቸዋለሁ። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለበጥኩም፣ የማንንም ስም አላነሳሁም። ቁጥሩ የመልሱ ተራ ቁጥር ነው። ዓመቶቹ፣ ወሮቹና ቀኖቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

መልስ 1

የመጀመሪያው መላሽ ትሑት ሰው ነበር። አስቀድሞ አመሰገነኝ፤ ቀጥሎ እንተወው የሚለውን ሐሳብ በአንድ አንቀጽ ጣለው። ዝም ያለ ሰው ተቃወመ ተብሎ አይመዘገብም፤ አስተያየት የለውም ተብሎ ያልፋል። ነገ አቤት ቢል ሰነዱ ተልኮልህ አልነበረም ወይ ይባላል። ምክር ጨመረልኝ፦ ለተጠየቀው ጥያቄ መጀመሪያ አጠር ያለ መልስ መስጠት፣ ያልተጠየቀውን ከዚያ በኋላ ማንሳት። ንዴቱን ያስቀደመ ሰው ሁለተኛው ገጽ ላይ አንባቢ አያገኝም ነው የሚለው።

መልስ 2

የእንስሳት ሐኪም ናት። አረመችኝ፤ ደግሞም በሚገባ። አምስቱ ነጻነቶች የተወለዱት በመጠለያ ሳይሆን በረት ውስጥ ነው። በ1965 ብሪታንያ ውስጥ በፕሮፌሰር ብራምቤል የተመራ ኮሚቴ የእርባታ እንስሳትን አያያዝ መርምሮ፣ አንድ እንስሳ ቢያንስ መቆም፣ መተኛት፣ መዞር፣ ገላውን ማጽዳትና እግሩን መዘርጋት መቻል አለበት አለ። በ1979 የዚያው አገር የእርባታ እንስሳት ደኅንነት ምክር ቤት ሐሳቡን ዛሬ በምናውቀው መልክ አስቀመጠው፦ ከረሃብና ከጥም፣ ከምቾት ማጣት፣ ከሕመምና ከጉዳት፣ ከፍርሃትና ከጭንቀት ነጻ መሆን፣ ተፈጥሯዊ ባሕርይን መግለጽ መቻል። ከ1994 ጀምሮ ደግሞ ሜለርና ሪድ ያወጡት አምስቱ ዘርፎች የሚባል ሌላ መለኪያ አለ፤ እሱም መነሻው የምርምር እንስሳት ናቸው። ልዩነቱ የድሮው ዝርዝር ምን መጥፋት እንዳለበት ሲቆጥር፣ አዲሱ ምግቡም ማደሪያውም ጤናውም ተደማምረው እንስሳው ውስጥ ምን ስሜት እንደፈጠሩ መጠየቁ ነው።

ይህን ሁሉ የደረደረችው እኔን ለማሳፈር አልነበረም። ማደሪያዎች ፊት ለፊት በተደረደሩበት መተላለፊያ ውስጥ ያለ ውሻ ጠግቦ፣ ተከትቦ፣ ደረቅ ቦታ ተኝቶ፣ ማደሪያውም በሴንቲ ሜትር ትክክል ሆኖ፣ ፊቱ ያለው ውሻ ሲጮህበት እየዋለ እያደረ በፍርሃት ሊያልቅ ይችላል። የረቂቁ የቁጥጥር ቅጽ ግን ለዚህ ውሻ ሙሉ ነጥብ ይሰጣል። በሁለቱ ማደሪያዎች መካከል መጋረጃ መስቀል ሴንቲ ሜትር ከመጨመር እንደሚበልጥ የሚያውቀው እዚያ የዋለ ሰው ብቻ ነው ብላ ጨረሰች።

መልስ 3

አንድ መስመር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ሰነዱ ካለቀ በኋላ ምን ያስጮኸናል ለማለት ነው። አሥራ ሰባት ላይክ አግኝቷል፤ እስከ መጨረሻው ይህን ያህል የተወደደ መልስ አልመጣም።

መልስ 4

ይህችን ሴት ልብ በሏት፤ ደጋግማ ትመለሳለች። መጠለያ የላትም፣ ያላት መኝታ ቤት ነው። እንስሳቱ ቋሚ ቤት እስኪያገኙ ድረስ በጊዜያዊነት ታሳድጋለች። ረቂቁ ከአምስት በላይ እንስሳ የያዘን ሁሉ መጠለያ ይለዋል። እሷ ማክሰኞ ማታ ሆዷ የገፋ አንዲት ድመት ከመንገድ አነሳች። ረቡዕ ጠዋት ቁም ሳጥኑን ስትከፍት አምስት ግልገሎች ከሹራቦቿ ላይ ተደርድረዋል። ማታ አንድ፣ ጠዋት ስድስት። በደንቡ መሠረት ተኝታ ስትነሳ ያለ ፈቃድ የሚሠራ ተቋም ኃላፊ ሆናለች ማለት ነው፤ ለይቶ ማቆያ ክፍል፣ የሚታጠብ ወለልና ከሐኪም ጋር የተፈረመ ውል ይጠበቅባታል።

ቀልዱን ጨርሳ ቁም ነገር ውስጥ ገባች። የድመት እርግዝና ሁለት ወር ቢሆን ነው፤ ግልገሏም በአራትና በአምስት ወሯ ራሷ ልታረግዝ ትችላለች። በራስ ቁጥር የሚመዝን ደንብ ከድመት ጋር እሽቅድምድም ገብቷል። ሁለት ጥያቄ ትታልን ሄደች። የሚጠባ ግልገል ይቆጠራል ወይ? ደግሞስ የአስተያየት መስጫው ቅጽ ዘርፍዎን ይምረጡ ብሎ ነጋዴ፣ አርቢ፣ ሐኪም፣ መጠለያ፣ የእንስሳት ማቆያ፣ ሌላ ሲል እሷ የትኛው ናት? ለመጀመሪያው መልስ ያገኘችው ከአሥር መልስ በኋላ ነው።

መልስ 5

ሕግ አዋቂ። የጻፈው ረጅም ነበር፤ እኔም ከሁሉ ይበልጥ እዚህ ላይ ቆይቻለሁ። በ1985 በለንደን የብሬንት ወረዳ አስተዳደር ትምህርት ቤቶችን ለመዝጋትና ለማዋሐድ ሲነሳ ወላጆችን ያማከረበት መንገድ ፍርድ ቤት ቀረበ። ጋኒንግ በሚባለው በዚህ ክስ ጠበቃው ስቲቨን ሴድሊ ያቀረቧቸውን አራት መለኪያዎች ዳኛው ተቀበሉ። ምክክር ሐሳቡ ገና ሳይቋጭ ይጀመር። ጠያቂው ሰዎች አመዛዝነው እንዲመልሱ የሚያስችል በቂ ምክንያት ያቅርብ። ለማሰብም ለመመለስም በቂ ጊዜ ይሰጥ። የመጣው መልስ ከልብ ይታይ። በ2014 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ራሱ መለኪያዎቹን አጽድቋቸዋል።

የእንግሊዝ ፍርድ የዓለም ሕግ እንዳልሆነ አስጠንቅቆ፣ ሆኖም ለመለኪያነት ማንም ሊበደረው ይችላል አለና የእኛን ረቂቅ ለካልን። አባሪው ላይ የፈቃዱ ክፍያ ሠንጠረዥ ሳይቀር ተሞልቷል፤ ሳይቋጭ ተጠየቃችሁ የሚለው እዚያ ላይ ወደቀ። ከአምስት በላይ የሚለው ቁጥር ከየት እንደመጣ የሚናገር ዓረፍተ ነገር የለም፤ ምክንያትም የለም። አሥራ አራት ቀን ሲቀነስ አምስት ዘጠኝ ነው፤ ከዚያ ውስጥ ሁለት እሁድ አለ። አራተኛው ደንቡ እስኪወጣ አይታወቅም። አካሄዱ ላይ ያለው ቅሬታ ከይዘቱ ተለይቶ በራሱ ገጽ ይጻፍ የሚለው ምክሩ ጠቅሞኛል። እኔ ሁለቱን እያደባለቅሁ ነበር።

መልስ 6

እስካሁን የነበረው መልካም አስተዳደግ እዚህ አለቀ። ይሄ ሰው ዘርፍ የሚለውን ቃል ይዞ ተነሳ። ዘርፉ ማን ነው? ስብሰባ ሲጠራ የሚገኙት አርማና ደመወዝተኛ ያላቸው ሁለት ሦስት ድርጅቶች ናቸው። ስብሰባው በሥራ ቀን ጠዋት ነው፤ በዚያ ሰዓት መልስ 4 ላይ ያለችው ሴት መሥሪያ ቤቷ ናት፣ ማደሪያ የሚያጥበውም ማደሪያ እያጠበ ነው። ድርጅቶቹ ከጠሪው እጅ ድጎማ ይጠብቃሉ፣ ስለዚህ ውሻ በበላበት ይጮኻል። ከዚያ በኋላ የምክክር ሪፖርት ይወጣል፤ ዘርፉ ደግፎታል ይባላል። ጨካኝ ነው፤ ከእውነት የራቀ ግን አይመስለኝም።

መልስ 7

ከትልልቆቹ በአንዱ የምትሠራ ሴት ተከፍታ መጣች። ድጎማ አፍ እንደማይዘጋ፣ ማታ ማታ ሰነድ እያነበቡ ዓይናቸው የጠፋ ሰዎች እንዳሉ፣ ሁሉንም በአንድ ሙቀጫ መውቀጥ ነውር እንደሆነ ነገረችው። እዚያ ላይ ብታቆም ኖሮ ተራ ክርክር ነበር። እሷ ግን ቀጥላ አንድ ነገር አመነች። ባለፈ ጊዜ በሌላ መመሪያ ላይ ሲጠየቁ ጽዳት የሚሠሩ አንዲት ሴት በመመሪያው የተመረጠው ማጽጃ ፓርቮ የሚባለውን የውሾች በሽታ ቫይረስ እንደማይገድል ነግረዋቸዋል። ሴትየዋ ትክክል ነበሩ። የፓርቮ ቫይረስ በአካባቢው ለወራት፣ እስከ ዓመትም ይቆያል፤ የእጅ አልኮልና ብዙዎቹ የተለመዱ ጸረ ተዋሲያን አይነኩትም። የሚገድለው በደንብ ከታጠበ በኋላ የሚፈስበት በሠላሳ እጅ ውኃ የተበጠበጠ በረኪና ነው። ይህ ሐሳብ ወደ ቦርድ የሚሄደው ደብዳቤ ውስጥ ገብቶ ነበር። ሲታረም ሲታረም፣ ዝርዝር ቴክኒካዊ ጉዳይ ነው ተብሎ ወጣ። የቀረው ዘርፉ መመሪያውን በአዎንታ ይመለከተዋል የሚለው ነው።

መልስ 6 ሲዘልፍ ያላስረዳውን እሷ ስትከላከል አስረዳችው። ብዙ ሰው ግን ልብ ሳይለው አለፈ፤ ምክንያቱም፦

መልስ 8 እስከ 11

ክሩ መንገድ ሳተ። 8 በእንስሳት ደኅንነት ውይይት ላይ ሁለት ጊዜ በውሻ መተረቱን ተቃወመ። 9 ጉዳዩ ከተረትም ያልፋል አለ፤ ጠያቂ ያጣ ሰው ሞት በአማርኛ ደመ ከልብ ነው፣ ከልብ ደግሞ በግዕዝ ውሻ ነው። ቀጥሎ መልስ 5ን አንስቶ ቀለደ፦ ፍርድ ቤቱ መልሳቸው ከልብ ይታይ ቢልም፣ እኛን የሚያዩን በግዕዙ ከልብ ነው። ሳቅሁ። 10 ለመዥገር ምን መድኃኒት እንደሚሻል ጠየቀ። 11 ለዚያ ሌላ ክር እንዲከፍት በቁጣ ነገረው፤ መድኃኒቱን ግን አልነገረውም።

መልስ 12

ይሄኛው ሳቁን አቆመው። ቀድሞ ቁጥጥር ከሚሄዱ ሰዎች ጋር ይሠራ ነበር። አንድ ቀን የተጠሩበት ቤት ባለቤት በሰፈሩ የእንስሳት አዳኝ ተብላ የምትወደስ ሴት ናት። በሩ ሲከፈት የሽንቱ ሽታ ዓይን ያቃጥላል። ከስልሳ በላይ ውሾች ነበሩ። ሴትየዋ የእያንዳንዱን ስም ታውቃለች፤ ከጓሮ ያገኟቸውን የሞቱትንም ስማቸውን እየጠራች ነው ያሳየቻቸው። ጨካኝ አልነበረችም፣ ትወዳቸው ነበር። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የምርመራ መመሪያ በ2013 እትሙ ዕቃ የማከማቸት ሕመምን ራሱን አስችሎ ሲያስቀምጥ እንስሳ ማከማቸትንም አብሮ ጠቅሶታል፤ ነገሩ ክፋት ብቻ እንዳልሆነ ለማሳየት ነው ያነሳው። ውሾቹ ከተወሰዱ በኋላ ግን ብዙም ሳትቆይ እንደገና መሰብሰብ ጀመረች። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ አለ፤ 8 ቅር ይለው እንደሆነ እንጃ።

ከዚህ በኋላ ያለው ድብደባ ነው። አማክሩን እያላችሁ የምትጮኹት ሰዎች ራሳችሁ ቁጥጥር የሚያስፈልጋችሁ ናችሁ። ቁልፉ የት ይሰቀል ተብሎ ሁሉም ሰው አይጠየቅም። ስኮትላንድ በ2021 የእንስሳት መጠለያዎችንና ለአዲስ አሳዳጊ የማስረከብ ሥራን በፈቃድ ሥር አስገብታለች፤ ሰማይ አልወደቀም። ስለ ሴንቲ ሜትር ከማጉረምረም በፊት በራችሁን ክፈቱ።

መልስ 13

ግማሹ ተሰርዟል፤ የሰረዘው የመድረኩ አስተናጋጅ ነው፤ የተሰረዘውን ያነበብነው ደግሞ መሰረዝ እንደነበረበት እንመሰክራለን። የተረፈው ግማሽ ስልሳ ውሻ ለአንዲት ሴት ማን እንዳመጣላት ይጠይቃል። ሌላው ሁሉ በሩን ሲዘጋ እሷ በር ላይ ነው የጣሏቸው። ይህ ጥያቄ ከስድቡ ጋር አብሮ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም ነበር።

መልስ 14

ሐኪሟ ተመለሰች። ለ4 የዘገየ መልሷን ሰጠቻት፦ በእሷ አስተያየት የሚጠባ ግልገል ከእናቱ ጋር እንደ አንድ ጎጆ ቢቆጠር ይሻላል፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚያጸዳቸውም የሚመግባቸውም እናቲቱ ናት። ከዚያ 12ንና 4ን በአንድ ሒሳብ አስቀመጠቻቸው። አሜሪካ ውስጥ የመጠለያ ሠራተኛ ቁጥር ሲታሰብ የቆየ መነሻ አለ፤ ለአንድ እንስሳ በቀን ቢያንስ 15 ደቂቃ፣ 9ኙ ለጽዳት 6ቱ ለመመገብ። አርባ እንስሳ ያለው ቤት 600 ደቂቃ፣ አሥር ሰዓት ሙሉ የሰው ጉልበት ይፈልጋል። የ12ኛዋ ሴት ስልሳ ውሾች አሥራ አምስት ሰዓት፤ በየቀኑ፣ ብቻዋን፣ ሳትበላና ሳትታመም። የ4 ስድስት ድመቶች፣ ግልገሎቹ እንኳ ቢቆጠሩ፣ አንድ ሰዓት ተኩል። የራስ ቁጥር ሁለቱንም ከአምስት በላይ ብሎ አንድ ሳጥን ውስጥ ይከታቸዋል። የእጅ ሰዓት ግን አንዷን ከሌላዋ ይለያታል።

ክሩን ስከፍት የፈለግሁት ይሄ እንደነበር ያወቅሁት እዚህ ላይ ነው። ማን ያጥባል እያልኩ ስነጫነጭ፣ ጥያቄው ራሱ መለኪያ ሊሆን እንደሚችል አላየሁም ነበር።

መልስ 15

አደነቀና አረመ። 15 ደቂቃው ማጠብና መመገብ ብቻ ነው። መድኃኒት መስጠት፣ ማንሸራሸር፣ የታመመውን መለየት፣ ስልክ ማንሳት፣ ከአሳዳጊ ጋር መነጋገር የለበትም። ሌላው ችግር ውሸት ነው፤ የእጅ ሰዓት ይቁጠር ከተባለ አንድ ቀን ብቅ ብሎ ከቡችላ ጋር ፎቶ የተነሳው ሁሉ ፈቃደኛ ሠራተኛ ተብሎ ይመዘገባል። ተቆጣጣሪው ያለ ቀጠሮ ሰኞ ጠዋት ይምጣ ነው ምክሩ። ሰኞ ጠዋት የሚለው ገብቶኛል፤ እሁድ ማታ የሄድነው ሰዎች ነን።

መልስ 16

የቤት እንስሳት መሸጫ ያለው ነጋዴ። እንደማይወደድ አውቆ፣ ይቅርታ እየጠየቀ ነው የገባው። እንግሊዝ በሚያዝያ 2020 ከስድስት ወር በታች ያሉ ቡችላዎችንና የድመት ግልገሎችን ሦስተኛ ወገን እንዳይሸጥ ከለከለች፤ ገዢ ወይ በቀጥታ ከአርቢው ይገዛል ወይ ከመጠለያ ይወስዳል። ሕጉ የሚጠራው በ2013 ዌልስ ውስጥ ከአንድ የቡችላ ማርቢያ በወጣች ሉሲ በምትባል ውሻ ስም ነው። ነጋዴው ሕጉን አልነቀፈም። የሱ ስጋት ሌላ ነው፦ የሱቁ በር ተዘግቶ የመጠለያው በር ያለ መዝገብ ክፍት ከቀረ፣ ነጋዴው ታፔላውን ቀይሮ አዳኝ ይባላል፤ ዋጋውም የማደጎ ክፍያ ይሆናል። እሱ እያንዳንዱ እንስሳ ከየት እንደመጣ፣ መቼ እንደገባ፣ ከቆዳው ሥር የሚገባለትን የመለያ ቺፕ (ማይክሮቺፕ) አሥራ አምስት አሃዝ ቁጥርና ለማን እንደሄደ ይጽፋል። እናንተስ? አለን።

የኛ መዝገብ ደብተር ነው። ውኃ ነክቶት የመጋቢት ገጾች ተጣብቀዋል።

መልስ 17

ለ16 የተሰጠ መልስ። ስድብ ነው፤ ማጠቃለል አያስፈልገውም። ነጋዴው ከዚህ በኋላ አልተመለሰም። አጣነው እላለሁ፤ የሚጠቅመንን ነገር ይዞ የመጣ ሰው ነበር።

መልስ 18

አንዲት እናት ናቸው። እስካሁን ዝም ብለው ሲያነቡ ነበር። ልጃቸው ከትምህርት ቤት ሲመለስ ባለቤት የሌለው ውሻ ነክሶታል። ቁስሉን በሳሙናና በውኃ ረጅም ጊዜ እንዳጠቡት፣ መርፌውን በተከታታይ ቀጠሮ እንዳስጨረሱት፣ ከዚያ ወዲያ ለወራት ልጁ ውኃ በጠጣ ቁጥር አንገቱን እያዩ እንደኖሩ ጻፉ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ ማዳን እንደማይቻል ያነበቡት ያን ጊዜ ነው። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት በዓመት 59,000 ያህል ሰው ይገድላል፤ በሰው ላይ ከሚደርሰው እስከ 99 በመቶው ከውሻ የሚመጣ ነው፤ ከሟቾቹም 40 በመቶ ያህሉ ልጆች ናቸው።

ውሾች ይገደሉ አላሉም። ያሉት ይህን ሁሉ መልስ አንብበው ዘርፉ ሲባል እንስሳ የሚሸጥ፣ የሚያክም፣ የሚያድን፣ የሚቆጣጠር ብቻ እንደሚቆጠር ማየታቸውን ነው። በእሳቸው ደጅ ውሻው ተመልሶ እንዲለቀቅ ሲወሰን እሳቸውን የሚጠይቅ ቅጽ የቱ ጋ ነው?

ከዚህ መልስ በኋላ ለብዙ ሰዓት ማንም አልጻፈም።

መልስ 19

ቀስ ብሎ ነው የመለሰላቸው፤ እናቴ እያለ። ፍርሃታቸውን ሊያቃልል አልሞከረም። በሽታውን በውሾች መካከል ለመቁረጥ የተያዘው ግብ ከመቶ ሰባውን መከተብ ነው፤ የተከተቡ ውሾች ከአካባቢው ሲወሰዱ ቦታውን ያልተከተቡ ይይዙታል። ህንድ በ2001 ያወጣችውና በ2023 በአዲስ የተካችው ደንብ ውሻው ተይዞ፣ መክኖ፣ ተከትቦ ወደነበረበት እንዲመለስ የሚለው ለዚህ ነው። ነሐሴ 11 ቀን 2025 ግን የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የዴልሂና የዙሪያዋ የጎዳና ውሾች ሁሉ ተሰብስበው መጠለያ እንዲገቡና እንዳይለቀቁ አዘዘ። አገር ተነሳ። ነሐሴ 22 ቀን ሰፋ ያለ ችሎት ትእዛዙን አሻሻለው፤ የእብደት ምልክት ካለባቸው፣ ከሚጠረጠሩትና ከተናካሾቹ በቀር መክነውና ተከትበው ይመለሱ ተባለ። በአሥራ አንድ ቀን ውስጥ።

እሱ ከዚህ ያወጣው ትምህርት ለሁለቱም ወገን የሚመር ነው። ውሻ የሚመግቡት ሳይጠየቁ ውሾቹ ይሰብሰቡ ቢባል አይሠራም፤ የተነከሰው ልጅ እናት ሳይጠየቁ ውሾቹ ይመለሱ ቢባልም ሰፈሩ ማታ በመርዝ ይሽረዋል።

መልስ 20

መልስ 6 ነው፤ ያ ቁጡው። ስብሰባው ማታ ይሁን፣ እናትየዋም ይጠሩ። በሕይወቱ አጭሩን ጽሑፍ ጻፈ።

መልስ 21

የራሴ። በስማችን የምልከውን ረቂቅ መልስ ለጥፌ እርማት ጠየቅሁ። አካሄዱን ለብቻ አድርጌ ምክንያቱ እንዲገለጽና ቀኑ እንዲራዘም ጠይቄያለሁ። በይዘቱ ከአምስት በላይ በሚለው ፈንታ ለእያንዳንዱ እንስሳ የሚደርሰው የሰው ሰዓት ይለካ፣ ቁጥጥሩ ያለ ቀጠሮ ይሁን፣ የመግቢያና የመውጫ መዝገብ ግዴታ ይሁን ብያለሁ። የበረኪናውን ነገር ሴትየዋ እንደተናገሩት፣ ከነመጠኑ፣ ቴክኒካዊ ሳልል አስገባሁት። የመጠለያችን ኃላፊ መዝገብ የሚለውን አንብቦ፣ ይህ እኮ መጀመሪያ የሚይዘው እኛን ነው አለኝ። አዎ አልኩት። ቅር እያለው ፈረመ።

መልስ 22

አንድ ሰው ቅጹን ሞክሮት ኖሮ፣ የአስተያየት መጻፊያው ሳጥን ከአምስት መቶ ፊደል በላይ እንደማይቀበል አሳወቀን። የእኔ ጽሑፍ ሦስት ገጽ ነው። አባሪ የሚያያዝበት ቦታ ከታች፣ በትንሽ ጽሕፈት ስላለ እዚያ እንድጭነው ነገረኝ። 5 ወዲያው ብቅ ብሎ የተላከበትን ሰዓት ፎቶ አንሥቼ እንዳስቀምጥ አሳሰበ።

መልስ 23

የቁም ሳጥኗ ሴት። ሦስቱ ግልገሎች ቤት አግኝተዋል፣ አንዱ ቀጠሮ ተይዞለታል፣ አምስተኛው ሹራቧ ላይ መተኛት ስለለመደ እሷው ጋ ይቀራል። እናቲቱ መክናለች። ቅጹንም ሞልታለች፤ ዘርፍዎን ይምረጡ የሚለው ላይ ብዙ ቆይታ «ሌላ» የሚለውን ነካች። ከሥሩ አንድ መስመር ለጥፈውላት ያየሁት 18ኛዋን እናት ነው፤ እሳቸውም ማታ ልጃቸውን አስተኝተው ሞልተውታል፣ እሳቸውም «ሌላ» ናቸው።